አምስት ዶሮ፣ አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ ደብተር፦ ከደሴ ጓሮ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዶሮዎቼን የጨረስኳቸው እኔው ነኝ። ለፋሲካ አንድ ቀይ አውራ ከገበያ ገዛሁና በዓሉ እስኪደርስ ብዬ ከነባሮቹ ጋር ቆጥ ላይ አሰፈርኩት። በሳምንቱ አንገቱን ጠምዝዞ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ አረንጓዴ ተቅማጥ መጣ፣ ክንፍ መጣል መጣ፣ አንዷም ሳትቀር አለቀች። ፈንግል ነበር። አማቴ ባዶውን ቆጥ አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ቤት ሳታበጂ እንግዳ ጠርተሽ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ቤቱ ይቀድማል፣ እንቁላል መጣያና ውሃ መጠጫው ይከተላል፣ ዶሮዋ መጨረሻ ትመጣለች። ከዚህ በታች ያለው እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን በእጃችን የሠራነው ነው። የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፣ ክረምት ጉሙ ቶሎ አይነሳም። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ላላችሁ ችግሩ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነውና ልዩነት ባለበት ቦታ እጠቁማለሁ።

ስንት ዶሮ፣ የት ቦታ

በአምስት ጀምሩ። አምስት ዶሮ የቤት ፍርፋሪና ትንሽ ጥሬ ይዞ ይኖራል፤ አሥራ አምስት ዶሮ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ መኖ ገዝቶ ማደር ይጠይቃል። እንቁላል ብቻ ከፈለጋችሁ አውራ አያስፈልጋችሁም፤ ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች፣ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። ጎረቤታችሁ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጮህ አውራ የማይወድ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ለአምስት ዶሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ይበቃል። ቀን ቀን ጓሮ ወጥተው ስለሚጭሩ ቤቱ ማደሪያና እንቁላል መጣያ ብቻ ነው። ደሴ ላይ በሩን ወደ ምሥራቅ አድርጉት፤ የጠዋት ፀሐይ ገብታ ጭዱን ታድርቅ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ጭቃ ይሁን። ቆላማ ቦታ ከሆናችሁ ሁለቱን ሰፋፊ ጎኖች በወንፊት ሽቦ ትታችሁ ዛፍ ጥላ ሥር ሥሩት።

ጭቃው ቀድሞ ይቡካ

እንጨቱን ከመግዛታችሁ በፊት ጭቃውን ጀምሩ፤ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው። ከጓሮ የተቆፈረውን አፈር በውሃ አርሱት፣ የጤፍ ጭድ ነስንሱበት፣ ለሦስት ለአራት ቀን ተዉት። በየቀኑ ጥቂት ውሃ እየጨመራችሁ ይረገጥ። ይሸታል፤ መሽተቱ ጭዱ እየበሰበሰ ከአፈሩ ጋር እየተያያዘ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ። መርገጡን ለልጆች ስጡ። የኛ ትንሹ ልጅ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሲረግጥ ዋለና ማታ እግሩን አጥቤ ልጨርስ አልቻልኩም፤ በነጋታው ግን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ «ጭቃው የት አለ?» ነበር ያለኝ።

እንጨቱ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ለምሰሶ አራት ወፈር ያለ፣ ለማገር ቀጭን። ምሰሶው ወደ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብለቡት ወይም ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምናችሁ ቀቡት፤ ምስጥ በአንድ ክረምት እንዳይጨርሰው። ግማሽ ሜትር ያህል ቅበሩት። የቤቱ ወለል ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ጎርፍም አይደርስበትም፣ ከሥሩም መጥረግ ይመቻል። ወለሉን በተቀራረበ እንጨት ረብርባችሁ በጭቃ ምረጉት፣ ሲደርቅ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭድ አንጥፉበት። ሞቃት አገር ከሆነ ወለሉን ሳይመረግ በጣት ክፍተት መተው ይሻላል፤ ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል፣ አየርም ይገባል።

ግድግዳው ሁለት ጊዜ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርግ ወፍራም ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ አትደንግጡ። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ሆኖ እበት ይቀላቀልበትና ስንጥቁን ይደፍናል። በላዩ ቆርቆሮ ይመታል፤ ክዳኑ ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ወጣ ይበል፣ አለዚያ የክረምት ዝናብ ምርጉን አጥቦ ይወስደዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሰው ሁሉ ይከራከረኛል። ከክዳኑ ሥር፣ ዙሪያውን የመዳፍ ስፋት ያህል ክፍት ትታችሁ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ደሴ ስለሚበርድ ብዙ ሰው ይህን በጨርቅ ይወትፈዋል። ዶሮ ላባዋን ነፍታ ብርድ ትችላለች፤ የማትችለው እርጥበትና የኩሷን ሽታ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ዓይናችሁን የሚያቃጥል ሽታ ከተቀበላችሁ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው።

ቆጡ ድቡልቡል እንጨት ይሁን፣ ውፍረቱ እንደ መጥረቢያ እጀታ። ለአንዷ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፍራ ያዙላት። ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ከፍ ይበል፤ ዶሮ ከፍ ያለውን ስለምትመርጥ፣ መጣያው ከፍ ካለ እዚያ አድራ ታቆሽሸዋለች። በሩ ላይ ማሰሪያ ገመድ አይበቃም፣ መቀርቀሪያ አድርጉ። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይበቃዋል።

መጣያው፦ እንደ ትንሽ ጎታ

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ እሷ የእህል ጎታ ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት። የቦካውን ጭቃ ውሰዱ፣ እበትና በደንብ የደቀቀ ጭድ ጨምሩበት፣ እንደ ሊጥ እሹት። መሬት ላይ አመድ ነስንሱ፣ እንዳይጣበቅ። መጀመሪያ ክብ ታች አብጁ፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ ጭቃውን በመዳፋችሁ እያድበለበላችሁ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ገመድ ሥሩና ዙሪያውን እየደራረባችሁ በእርጥብ ጣት አገናኙት። ከኋላ አንድ ስንዝር ይቁም፤ ከፊት ዝቅ ይበል፣ ዶሮዋ ዘላ ስትገባ እንቁላሉ ላይ እንዳትወድቅ።

ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ይሰነጠቃል፤ እኔ ቸኩዬ ሁለት ሰብሬያለሁ። በሁለተኛው ቀን እጃችሁን አርሳችሁ ስንጥቆቹን አሻሹ፤ በሳምንቱ ይደርቃል። ለአምስት ዶሮ ሁለት መጣያ በቂ ነው፣ እንዲያውም አምስቱም አንዱን መርጠው ሲሰለፉ ታገኟቸዋላችሁ። ውስጡን በጭድ ሙሉ። ለማለማመጃ አንድ የጭቃ እንቁላል አድቦልቡላችሁ፣ ኖራ ቀብታችሁ አድርቁና አስቀምጡ፤ ቄብ የመጀመሪያዋን የት እንደምትጥል ከእሱ ትማራለች። የኛ ልጆች የሠሩት ጭቃ እንቁላል ዓይንና ጢም አለው። ዶሮዎቹ ቅር አላላቸውም።

ስፌት የምትችሉ በስንደዶ ሰፍታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ያምራልም። ግን ቅማል ሲገባበት ማጽዳቱ ያስቸግራል። በጭቃው መጣያ ግን እሳት አንድዳችሁ ቅማሉን ትጨርሱታላችሁ።

ውሃና ጥሬ

አምስት ሊትር የምትይዝ ጀሪካን ውሰዱ። ከታች ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ጎኗን ብሱ። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውሃ ሙሏት፣ ክዳኗን አጥብቃችሁ ዝጉ፣ ጠርዙ ከቀዳዳው ከፍ ያለ ሳህን ውስጥ አቁሟት። ውሃው ቀዳዳውን እስኪሸፍን ይፈሳል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ዶሮዎቹ ሲጠጡ ደግሞ ይሞላል። ክዳኑ አየር ካስገባ ሁሉም ይፈስሳል። በየቀኑ ውሃውን ቀይሩ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ውሃ ካጣች ምንም ያህል ብትበላ መጣሏ ይቀንሳል።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ ጥሬ ብቻ የበላች ዶሮ ግን ትወፍራለች እንጂ ብዙ አትጥልም። ያበሻ ዶሮ ጓሮ እየጫረች ትልና ቅጠል ስለምታገኝ ጠዋትና ማታ እፍኝ ጥሬ ይበቃታል። የውጭ ዝርያ፣ ቦቫንስም ሆነ ሳሶ፣ ሲጥሉ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ይፈልጋሉ። ለሚጥሉ ዶሮዎች እኛ ለ10 ኪሎ የምንቀላቅለው እንዲህ ነው፦ የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ 5 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ ከ200 ግራም፣ ፉርሽካ 2 ኪሎ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 750 ግራም፣ ጨው 50 ግራም። የኖራ ድንጋይ ስል ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ማለቴ አይደለም፤ እሱ አንጀታቸውን ያቃጥላል። ካጣችሁ የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አምሳችሁ አድቅቁ። ይህ ቅልቅል ለጫጩት አይሆንም፣ የኖራ ድንጋዩ ይበዛባቸዋል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ ለማንም አይሰጥ።

ከቤቱ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አመድና ደረቅ አፈር ሙሉላቸው። ይታጠቡበታል፤ ቅማሉን የሚያራግፉት በዚያ ነው።

አሁን ዶሮዋ ትምጣ

የአንድ ቀን ጫጩት በርካሽ ሲሸጥ አያጓጓችሁ። ደሴ ላይ መብራት በጠፋ ሌሊት ጫጩት ማሞቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለጀማሪ የሚበጀው የ45 ቀን ቄብ ነው፤ ሲገዛ የትኞቹን ክትባቶች እንደወሰደ በጽሑፍ ጠይቁ። ያበሻ ከፈለጋችሁ ከምታውቁት ሰው ቤት ግዙ፣ በዓል ሰሞን ከገበያ አትግዙ። ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ንጹሕ መሆኑን እዩ። ያበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ እንደ ቦቫንስ ያለች የውጭ የእንቁላል ዝርያ በደንብ ከተመገበች ከ250 በላይ። ነገር ግን ያበሻዋ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጭልፊት ሲመጣ ልጆቿን ትደብቃለች። እኛ ሦስት የውጭ፣ ሁለት ያበሻ ይዘናል፤ እንቁላሉን እነዚያ ይጥላሉ፣ እነዚህ ይታቀፋሉ።

ማንኛዋም አዲስ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ በሌላ ጥግ፣ በሌላ ውሃ መጠጫ። ይህን መስመር ሰባት ዶሮ ከፍዬበታለሁ።

ፈንግል መድኃኒት የለውም፣ ያለው ክትባት ነው። በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ ጠብታው ከገባ በኋላ ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ ያዟት። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይደገማል፤ ለትልልቆቹ በየስንት ወሩ እንደሆነ የቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ በሽታው የሚነሳው ክረምት ሊገባ ሲል ስለሆነ ግንቦት ላይ አትዘናጉ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ አያድርም። ስለዚህ ጎረቤት ጠርታችሁ በጋራ ግዙ። በኛ ሰፈር ስድስት ቤት ነን፤ አንዱ በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይይዛል፣ ቡናውን የሚያፈላው ባለተራ ነው። የታመመች ዶሮ አትከተብም። የሞተችውን አርቃችሁ ጥልቅ ቅበሩ፤ ለውሻ መወርወር በሽታውን ለሰፈሩ ማደል ነው።

ማስታቀፍ

ዶሮዋ መጣያው ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣ ስትነኳት ካጉረመረመች ለመታቀፍ ተነሥታለች። ከ10 እስከ 12 እንቁላል ስጧት፤ ከሳምንት ያልበለጠው፣ ያልታጠበ፣ ስንጥቅ የሌለው። እያንዳንዱን በከሰል ምልክት አድርጉበት፣ ሌሎቹ ዶሮዎች መጥተው የሚጨምሩትን ለይታችሁ ታወጡታላችሁ። ሾጣጣው ወንድ፣ ድቡልቡሉ ሴት ይሆናል የሚሉትን አማቴን ሁለት ዓመት በደብተር መዝግቤ ሞገትኳቸው። አላመኑኝም።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በስልክ መብራት ላይ ያዙት። ቀያይ ሥር ካያችሁ ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ ካበራ አውጡት። ልጆቼን ከሥራው ሁሉ ዝም የሚያሰኛቸው ይህ ምሽት ነው። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። እናቲቱ በዚህ ጊዜ በቀን አንዴ ወጥታ ብቻ ስለምትበላ ጥሬና ውሃ ቅርብ አድርጉላት።

ወሩን መምረጥ ብርቱ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ አታስታቅፉ፣ ጫጩቱ በእርጥበት ያልቃል። መስከረም መጨረሻ አስታቅፋችሁ ጥቅምት የተፈለፈለ ጫጩት ኅዳርና ታኅሣሥ የአውድማ ፍሬ ይለቅማል፤ አውራዎቹም ለፋሲካ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ይሆናቸዋል። መታቀፏን የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ላባ አፍንጫዋ ውስጥ የሚሰኩ፣ ገልብጠው የሚያንጠለጥሉ አሉ። ተዉአት። ሦስት አራት ቀን ጭድ በሌለበት፣ አየር በሚያልፍበት ቅርጫት ውስጥ ብታስቀምጧት ትተወዋለች።

ደብተሩና በረካው

አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር በሩ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ትልቋ ልጃችን በየማታው ሁለት ነገር ትጽፋለች፦ ስንት እንቁላል እንደተገኘ፣ ለማን እንደሄደ። የመጀመሪያው ቁጥር ለእኔ ይጠቅመኛል፤ አምስት ይገኝ የነበረው በድንገት ሁለት ሲሆን ወይ ውሃ ጎድሏል፣ ወይ በሽታ ገብቷል፣ ወይ ቁጥቋጦ ሥር የተደበቀ መጣያ አለ። ሁለተኛው ዓምድ የአማቴ ሐሳብ ነው። ከየሳምንቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንቁላሎች ከቤት ይወጣሉ፤ ለአራስ፣ ለታመመ፣ ወይም እኛን ለረዳ ሰው። ቆርቆሮውን ለመታልን ጎረቤት ስድስት ሳምንት ሄዶለታል፤ በመጨረሻ እጁን እያወዛወዘ «ይብቃ!» ብሎ መለሰልን።

በኛ አገር እንቁላል የሚሄድበት አይጠፋም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እናቴ ስትጾም እንቁላሉ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይሄዳል፣ ረመዳን ሲሆን ለማፍጠሪያ የሚሆነው ነገር ከእነሱ ወደ ልጆቼ ይመጣል። በዐቢይ ጾም ሊሸጥ የሚወጣው እንቁላል ዋጋው ዝቅ ስለሚል፣ በዚያን ጊዜ ከመሸጥ ማስታቀፍ ይሻላል። አውራ ለእንግዳ ስታርዱም፣ ቤታችሁ እንደኛ የተቀላቀለ ከሆነ፣ ለሙስሊሙ የሚቀርበውን ሙስሊም ይረደው፤ ሁለት ድስት መጣዱ ድካም አይደለም።

እሑድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። አቦልና ቶና ወሬ ነው። በረካው ሲቀዳ ደብተሩ ይነበባል፤ ልጆቹ በሳምንቱ ማን ምን እንዳደረገልን ይናገራሉ፣ ትንሹ አንዴ «ጭልፊቱን ያባረረልን ውሻ» ብሎ አስመዘገበ። እናቴ «ተመስገን» ትላለች፣ አማቴ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ከዚያ ይመርቃሉ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በጣም ካስረዘማችሁት ልጆቹ በሚቀጥለው እሑድ ይጠፋሉ።

ለሌላ ቤት ስታወጡ

በሁለተኛው ዓመት ዶሮው ይበዛል። መሸጥ አለ፤ እኛ ግን አንዷን ቄብ ለሰፈራችን ልጅ በርቢ ሰጠናት። ቄቧን ትጠብቃለች፣ ከሚፈለፈለው ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የኛ ነው። ስትሰጡ ቀን አይሁን። ከመሸ በኋላ ከቆጥ ላይ በሁለት እጅ አንሷት፣ ክንፏን ሰብስባችሁ ያዙ፣ እግሯን አስራችሁ ቁልቁል አታንጠልጥሏት። ቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ በነጠላ ሸፍኗትና በጨለማው አዲሱ ቆጥ ላይ አስቀምጧት። የለመደችውን ጭድ አንድ እፍኝ ከሥሯ ጨምሩ። ጠዋት ሲነጋ እዚያ የከረመች ትመስላለች። ሁለቱን ሳምንት ግን ለብቻዋ፤ ለልጅቱ ደብተሯ ላይ የመጀመሪያው መስመር አድርጌ የጻፍኩላት እሱን ነው።